የደባርቁ ፎቅ፣ ተሸክመን ያወጣነው እንደምናውቀው

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት አስጎብኚ ከጎንደር የመጡ አራት ተማሪዎችን ይዞ ወደምሠራበት ሆቴል ሰገነት ወጣ። እኔ የታጠበ አንሶላ እያሰጣሁ ነበር። ልጁ ጎበዝ ነው፤ እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ይወርዳል፤ ለአገሩ ሰው ሲያወራ ግን ትንሽ ቅመም ያበዛል። «ይህን ፎቅ የጀመረው ጣሊያን ነው» አላቸው። ቀጥሎ እጁን ዘርግቶ «ያ የምታዩት ራስ ደጀን ነው» አለ። ከዚያ ወለሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋችውን፣ እንደ ጸጉር የቀጠነችውን መስመር በጫማው ጫፍ ነካ አደረገና «ይህ ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ያመጣው ነው» ብሎ ጨረሰ። አንዷ ተማሪ ጎንበስ ብላ መስመሯን በስልኳ ፎቶ አነሳቻት። ሦስቱም ትክክል አልነበሩም። ላርማቸው ፈልጌ አንሶላውን ማስጣቴን ቀጠልሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ፊት ሲሆን ቃሉ ከጉሮሮዬ አያልፍም። መልሱ የመጣልኝ ተማሪዎቹ ወርደው ከሄዱ በኋላ ነው፤ ሁልጊዜም እንዲያ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ባቆመው እጄ ልጻፈው አልሁ። ዕድሜዬ ገና ሠላሳን መሻገሩ ነው፤ ያለፈን ማውራት የሽማግሌ ነው ይባላል። ነገር ግን ያን ፎቅ ስንሠራ የነበርን ሰዎች እየተበታተንን ነው፤ እስካረጅ ብጠብቅ የመስመሯ ነገር መንቀጥቀጥ ተብሎ ሊቀር ነው።

ጣሊያን አልጀመረውም። ፎቁ ሲጀመር እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ግቢው ውስጥ ጣሊያን አላየሁም። ያሠሩት አቶ ቢራራ ናቸው፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ እህል ሲነግዱ ኖረው ደባርቅ ላይ ስማቸውን ሊተክሉ የመጡ ሰው። ሥራውን የመሩት የዳባቱ ፎርማን አያ ፈንቴ ናቸው። ድንጋዩን፣ አሸዋውን፣ ውሃውንና አርማታውን ከመሬት እስከ ጣሪያ ያወጣነው ግን እኛ ሴቶች ነን። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ያኔ ዕቃ ወደ ላይ የሚጎትት ማሽን በከተማው አልነበረም፤ የነበረው ባሬላ ነው። በሁለት አጣና ላይ ጣውላ ይመታበታል፣ አርማታው ይጫንበታል፣ አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ ሆነን እንሸከመዋለን። ዛሬ አንዳንድ እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረውና «አሳንሰር የላችሁም እንዴ?» ይለኛል። «የለም ጌታዬ» እላለሁ። በልቤ ግን አሳንሰሩማ እኛ ነበርን እላለሁ።

ያን ጊዜ ደባርቅ ሁሉም ቤት ቆርቆሮ ነበር። ከቤት ከፍ ብሎ የሚታይ ቢኖር የቤተ ክርስቲያን ጉልላትና ባህር ዛፍ ነው። አስፋልቱ ገና ስላልደረሰ ከዳባት የሚመጣው አውቶብስ አቧራውን አስከትሎ ነበር የሚገባው፤ ከወረደው ሰው ማን ጥቁር ማን ቀይ እንደሆነ የሚታወቀው ፊቱን ሲታጠብ ነው። ሻይ በአንድ ብር፣ ፓስቲ በሃምሳ ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ በዚያ ሃምሳ ሳንቲም የፓስቲውን ሽታ እንኳ አያሸቱም። የቀን ሠራተኛ ሴት ልብሷ የታወቀ ነበር፤ ከውስጥ የወንድ ሱሪ፣ ከላይ ቀሚስ፣ ወገብ በነጠላ ጥብቅ፣ እግር ላይ ኮንጎ ጫማ። በብርዱ ኮንጎው እንደ ድንጋይ ይጠጥርና ተረከዝ ይበላል፤ ጠዋት ጠዋት ሲሚንቶ የሚበጠብጡበት ውሃ ላይ ስስ በረዶ ይጋገራል፤ በአካፋ ጫፍ ሰብረን ነበር የምንቀዳ። የባሬላ ጓደኛዬ አለምነሽ ከቡይት ራስ የመጣች፣ በዕድሜ አሥር ዓመት የምትበልጠኝ፣ የሁለት ልጆች እናት ነበረች። አንድ ፈረንጅ ከተራራ ሲመለስ ጥሎላት የሄደ ቀይ ጃኬት ነበራት፤ ከገበያው ሆኖ ፎቁ ላይ ቀይ ነገር ያየ ሰው «አለምነሽ ዛሬ እዚያ ደርሳለች» እያለ የሥራውን መጠን ይለካ ነበር። እኔ የማልናገረውን ሁሉ እሷ ትናገርልኝ ነበር። ደረጃ ስንወጣ እያቃሰተች ትዘፍናለች።

ደባርቅ ላይ ፎቁ ተቆለለ አሉ፣
ዳባት ያላችሁ ሰዎች ቀና በሉ።

ይህን ስትል አያ ፈንቴ ዝም አይሉም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቆባቸው ሲሚንቶ የለበሰ ሰው ነበሩ፤ ከላይ ሆነው ይመልሱላታል።

ግንቡን ያቆመው የዳባት ልጅ ነው፣
ደባርቅ ያዋጣው ብርዱን ብቻ ነው።

እኔ የተወለድሁት ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ ገጠር፣ የምኖረው ደባርቅ አክስቴ ቤት ስለነበር ከሁለቱም ጋር እስቅ ነበር። የሁለቱ ከተሞች ፉክክር ግን ዘፈን ብቻ አልነበረም። ዳባት ላይም ባለ አራት ፎቅ ሊጀመር ነው የሚል ወሬ ነበር፤ አቶ ቢራራ ይህን ሰምተው ነው አምስት ያሉት። ምድር ቤቱን ቆጥሮ ነው አምስት የሚሆነው። እስከ ዛሬ ድረስ የዳባት ሰው ሲመጣ «መሬት ላይ ያለ ቤት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፎቅ የሆነ?» ብሎ ከአራት አያሳልፈውም። እኛ አምስት ነው የምንል። እኔ በትከሻዬ ነው የቆጠርሁት።

ሊጎበኝ ለሚመጣ ሰው ጥቂት ልምከር። በጧት ኑ። ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ አገሩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል፤ ከቀትር በኋላ ደመናው ከቆላ ይወጣና እፊታችሁ የተቀመጠ ጓደኛችሁን ይወስድባችኋል። ራስ ደጀን ከዚህ አይታይም፤ ይታያል የሚላችሁ ወይ አያውቅም ወይ ጉርሻ ይፈልጋል። የሚታየው የቡይት ራስ ሸንተረር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የፈለገ በእግሩ ይውጣ። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ስትወጡ ሰባተኛዋን ደረጃ ተጠንቀቁ፤ ከሌሎቹ በሁለት ጣት ትበልጣለች። ግንበኛው መለኪያ እንጨቱን አስቀምጦ ምሳ ሲሄድ ዘበኛው አንድዶ ሞቆበት ነበር፤ ከምሳ መልስ በክንዱ ለክቶ ሠራት። ያገሩን ብርድ የሚያውቅ ሰው በዘበኛው አይፈርድም። ሰገነቱ ላይ ዳቦ ይዛችሁ አትቁሙ፤ የስሜን ቁራ ምንቃሩ መጥረቢያ ነው፣ ዓይኑም አያፍርም። አንድ መምህር ሙሉ አምባሻ ተነጥቀው፣ ቁራው እፊታቸው አጥሩ ላይ ቆሞ ሲበላ ቆመው ሲያዩት አይቻለሁ። በገበያ ቀን ከመጣችሁ ደግሞ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ደረጃውን የሚወጡ የገጠር ሰዎች ታያላችሁ። አትሳቁ። ጽዱ ቤት በጫማ አይረገጥም ብለው ነው፤ የማጥበው እኔ ስለሆንሁ እመርቃቸዋለሁ። ፎቁ በተመረቀ ሰሞን ከደረስጌ የመጡ አንድ ቄስ እንዲሁ ባዶ እግራቸውን ሰገነቱ ድረስ ወጥተው፣ ዙሪያውን አይተው፣ «ልጆቼ፣ ሁሉን አሳምራችሁ ስታበቁ ጣሪያውን ረሳችሁት?» አሉን። «የቆሙበት ነው እኮ አባቴ ጣሪያው» አለቻቸው አለምነሽ። ቄሱ ወደ እግራቸው አዩና «ጣሪያ ላይማ የሚወጣ ድመት ነው» ብለው ቀስ ብለው ወረዱ።

የመስመሯ ነገር ከዚህ ጣሪያ ጋር ነው። የፎቅ ጣሪያ የሚሆነው ድፍን አርማታ ሶሌታ ይባላል። ሶሌታ በአንድ ቀን ተጀምሮ በአንድ ቀን ማለቅ አለበት፤ ዛሬ ግማሹን፣ ሌላ ቀን ግማሹን ካሉት ሁለቱ አይዋደዱም፣ ይሰነጠቃል ይባላል። ከሥሩ ጣውላ ይነጠፍለታል፤ ጣውላውን ደግሞ ከታች የቆሙ የባህር ዛፍ ቋሚዎች ይሸከሙታል። እየደረቀ ሲሄድ ራሱን ይችላል፤ እስኪችል ድረስ ግን ያ ሁሉ ክብደት ያለው እንጨቱ ላይ ነው። የመጨረሻው ሶሌታ የተሞላው በኅዳር ሃያ፣ በጽዮን ዋዜማ ነው። አቶ ቢራራ በግ ገዝተው ግቢው ውስጥ አስረው ነበር፤ ሶሌታ ያለቀ ቀን ለሠራተኛ በግ መስጠት ልማድ ነው፤ የነቢያት ጾም ስለገባ የሚታረደው ለገና ነው። ገና ሲነጋ ጀመርን። ማሽኑ ከታች ይበጠብጣል፣ እኛ ሃያ የምንሆን ሴቶች በባሬላ እየተከታተልን እንወጣለን፣ ወንዶቹ ከላይ ያለብሳሉ። ደረጃው ጠባብ ስለነበር በቀኝ የሚወጣ በግራ የሚወርድ ነበር፤ አንዷ ከቆመች ከኋላዋ ያለው ሁሉ ይቆማል።

ወደ አምስት ሰዓት ላይ ግማሹ ጣሪያ ተሞልቶ ነበር። አያ ፈንቴ ውሃ አምጪ ብለውኝ ከሶሌታው ሥር ወዳለው ባዶ ቤት ገባሁ፤ ጀሪካኑ እዚያ ነበር። ቤቱ የቋሚ ጫካ ነው። ጀሪካኑን ሳነሳ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ በር ቀስ ብሎ ሲከፈት ያለ ድምፅ። አባቴ ባህር ዛፍ ተክሎ በመሸጥ ነው ያሳደገን። ደረቅ እንጨት ሸክም ሲበዛበት ዝም ይላል፣ እርጥቡ ግን ከመሰበሩ በፊት ይናገራል ይል ነበር፤ ቅርፊቱ መሀል ላይ እንደ ቀለበት ይላቀቃል፣ ከሥሩ ውሃ ይወጣል። አየሁት። ከመሀል ካሉት ቋሚዎች ስድስት ሰባቱ ገና የተቆረጡ ነበሩ፤ ደረቁ አልበቃ ብሎ በመጨረሻ ሰዓት የመጡ መሆን አለባቸው። አንደኛው ሆዱ ወደ ውጭ ጎብጧል፣ ቅርፊቱ ተላቅቋል፣ ስነካው ጣቴ ረጠበ።

ሮጬ ወጣሁ። አያ ፈንቴ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወንዶቹን ያዛሉ። «አያ ፈንቴ» አልሁ። ድምፄን እኔም አልሰማሁት፤ ማሽኑ ዋጠው። ጠጋ ብዬ እንደገና «አያ ፈንቴ» አልሁ። ዞር ብለው «ውሃውን አስቀምጪና ሂጂ፣ ባሬላ ይጠብቅሻል» አሉኝ። አስቀምጬ ሄድሁ። እንደዚያ ነበርሁ፤ ሂጂ ካሉኝ እሄዳለሁ። ታች ደርሼ ለአለምነሽ ነገርኋት።

«እንጨት ይጮሃል እንዴ?» አለችኝ።

«እርጥብ ነው። ይሰበራል።»

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ሸክም ብትሸከሚ አንቺስ ዝም ትያለሽ? እኔም ወገቤ ሲጮህ ነው የዋለ። ይልቅ አንሺ።»

አነሳሁ፤ ከፊት ነበርሁ። አንደኛውን ወጣን፣ ሁለተኛውን ወጣን። በእያንዳንዱ ደረጃ ያ ጣቴ ላይ የነካኝ ውሃ ይታየኝ ነበር። እላይ አሥራ ሁለት ወንዶች ቆመዋል። የያዝነው አርማታ እዚያ ላይ ሊጨመር ነው። ሦስተኛውን አልፈን መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ባሬላውን መሬት አስቀመጥሁ፣ እኔም ደረጃው ላይ ቁጭ አልሁ፣ መንገዱን ዘጋሁት።

«ምን ሆንሽ?» አለች አለምነሽ ከኋላ። ከእሷ በስተኋላ ያሉት ሁሉ ቆሙ። አንዷ «ማን ነው የቆመ? እጃችን ተገነጠለ» አለች። ሌላዋ «ጾሙ ተፈታ መሰለኝ፣ ቁጭ ብላ የቢራራን በግ እየጠበቀች ነው» ብላ አሳቀች። እኔ ባሬላውን በሁለት እጄ ጠበቅ አድርጌ ያዝሁ። መነሳት እችል ነበር። መናገር ግን አልቻልሁም፤ የምችለው አለመነሳት ብቻ ነበር። ከላይ አርማታው ሲቋረጥ አያ ፈንቴ እየተሳደቡ ወረዱ።

«ማን ነው ያቆመው?»

ሁሉም ወደ እኔ አየ።

«አንቺ ነሽ? አሞሽ ነው?»

አይደለም ለማለት ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። እጄን አንስቼ ወደዚያ ባዶ ቤት ጠቆምሁ። አያ ፈንቴ ፊቴን ትንሽ አዩት። ምን እንዳዩበት አላውቅም፤ ስድባቸውን ተዉና ገቡ። ብዙ አልቆዩም። «ውረዱ» ሲሉ ሰማሁ፤ ወደ ላይ ነበር የሚጮኹት፤ «ሁላችሁም ካላችሁበት ውረዱ፣ በዳር በዳሩ፣ ቀስ እያላችሁ።» ወንዶቹ እየወረዱ ሳለ ከቤቱ ውስጥ ድው የሚል ድምፅ መጣ። ጎባጣው ቋሚ ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። ጎን ለጎን ያሉት ያዙት፤ ጣውላው ትንሽ ረገበ እንጂ አልወደቀም።

የደረቀ ቋሚ ከገበያ እስኪመጣ፣ እርጥቡ አንድ ባንድ እስኪለወጥ፣ የረገበው ጣውላ ከፍ እስኪል ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። የተሞላው ግማሽ መጠንከር ጀምሯል። አቶ ቢራራ ካፖርታቸውን ደርበው መጡና «ምንም አይደል፣ ነገ በጧት እንጨርሳለን» አሉ። አያ ፈንቴ ቆባቸውን አውልቀው መሬት መሬት ያያሉ። መጨረሻ ላይ አለምነሽ ናት የተናገረችው።

«ነገ ጽዮን ናት ጌታዬ። የሰው እህል ገና ማሳ ላይ ነው። በረዶ ብትጥልብን ያገሩ ገበሬ ፎቁን ብቻ አፍርሶ ይተዋል? እኛንም ነው የሚያፈርሰን።»

አቶ ቢራራ የእህል ሰው ናቸው፤ በኅዳር በረዶ ምን እንደሚያደርግ ከእኛ የበለጠ ያውቃሉ። ሥራው በተጀመረ ቀን ቀኑን የቆጠረ ሰው አልነበረም፤ አንድ ቀን ይበቃል ብለን ዋዜማውን የደፈርነው ሁላችንም ነን። በጉን ፈትተው ይዘው ሄዱ። ሁለተኛው ግማሽ የተሞላው ከጽዮን ማግሥት፣ በሃያ ሁለት ነው። አያ ፈንቴ የደረቀውን ጠርዝ በመሮ አስቆርቁረው፣ በውሃ አስነክረው፣ ቀጭን የሲሚንቶ ውሃ አልብሰው አጋጠሙት። መስመሯ ያቺ ናት። ስንት ጊዜ ከላይ ቢለስኗት ተመልሳ ትወጣለች።

ወሬው ቀድሞን ዳባት ደረሰ። «ደባርቆች ፎቃቸውን እንደ ቁምጣ ጣፉት» ተባለ። ይህን ስንሰማ እንስቅ ነበር። ሳቅ ያልነበረበት አቶ ቢራራ የተናገሩት ነው፤ ቋሚው በሚነሳበት ቀን ሶሌታው ከጎበጠ ወይም መጋጠሚያው ከከፈተ፣ የላይኛውን ደርብ አፍርሼ አራተኛው ላይ ቆርቆሮ መትቼ እተወዋለሁ አሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ እኔ ዞረ። ከመቶ ቋሚ አንድ ቢሰነጠቅ ምን አለበት፣ ሌሎቹ ይዘውት አልነበር ወይ ማለት ተጀመረ። አንዲት ልጅ ደንግጣ ቁጭ ባትል ኖሮ ሶሌታው በአንድ ቀን ያልቅ ነበር አሉ። አክስቴ ወፍጮ ቤት ሄዳ ስትመለስ «ፎቁን ያስቆመችው ያንቺ ናት አሉኝ» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳታነሳ። ሌላ ቦታ ሥራ ልጠይቅ ስሄድ አንዱ ፎርማን ለጓደኛው «ይቺማ ቁጭ ትላለች» ሲለው ሰማሁ። አያ ፈንቴን ደፍሬ ባልጠይቃቸውም አለምነሽ ጠየቀችልኝ።

«አያ ፈንቴ፣ ይቺን ልጅ ሰው እየበላት ነው። ይቆማል አይቆምም? ይንገሩን።»

«ሠላሳ ቀን ስጡኝ» አሉ አያ ፈንቴ። «ያኔ ሶሌታው ራሱ ይነግራችኋል። እኔ ዛሬ ብናገር የዳባት ሰው ሥራውን ሲሸፍን ነው የምትሉኝ።»

እስከዚያው አርማታው እንዳይሰነጠቅ ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል፤ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ጊዜው ውርጭ ስለነበር አያ ፈንቴ ከላዩ የገብስ ገለባና ማዳበሪያ ጆንያ አልብሰውት ነበር። ሠላሳ ቀን ሙሉ ጀሪካን በጀርባዬ አዝዬ ብቻዬን ወጣሁ። ገለባውን ገለጥ አድርጌ መጋጠሚያውን በመዳፌ ከጫፍ ጫፍ እዳስስ ነበር፤ ቢገባኝም ባይገባኝም ሳልዳስሰው አልወርድም። ከዚያ ላይ ሆኜ ደባርቅን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉዋን አየኋት፤ የቆርቆሮውን ጢስ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ እህል ጭኖ የሚገባውን መኪና፣ በአህያ የሚወጣውን ውሃ። ይህን ሁሉ የሚያሳይ ቦታ ሠርተናል ብዬ ደረቴ ሞላ። ወዲያውም ፈራሁ፤ የሚፈርሰው በእኔ ስም ነው።

በሠላሳኛው ቀን ግቢው ሰው ሞላ። ከዳባት ድረስ የመጡ ነበሩ፤ ሲወድቅ ለማየት ነው ብትል አለምነሽ አልተሳሳተችም። አያ ፈንቴ አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ቋሚ ሲነሳ ያሠራው ሰው ሥሩ ይቆማል። ሁለት አናጢዎች ይዘው ገቡ፤ ሌላ ሰው እንዳይገባ ከለከሉ። እኔም ተከትዬ ገባሁ።

«ውጪ» አሉኝ።

አልወጣሁም። ያን ቀን ደረጃው ላይ እንደተቀመጥሁት ነው የቆምሁት። አለምነሽ ከታች ሆና «ስንዱ፣ ነይ ውረጂ፣ አንቺ ምን አገባሽ» ትላለች። አያ ፈንቴ እንደገና አዩኝ። «እንግዲያው ከመጋጠሚያው ሥር ቁሚ» አሉ። «ቆሜ የማየው እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው።»

አናጢዎቹ ቋሚዎቹን በመዶሻ እየመቱ ከየቦታቸው ማውጣት ጀመሩ። ሶሌታው ራሱን ካልቻለ ክብደቱ ሁሉ በቀሩት ላይ ይወርዳል፤ ስለዚህ ቋሚው እየቀነሰ ሲሄድ መምታቱ እየከበደ ይመጣል፣ የመጨረሻው ጨርሶ አይነቀልም። ይህን አባቴ አልነገረኝም፣ አያ ፈንቴ ናቸው የነገሩኝ፤ እዚያው ቆመን። የመጀመሪያዎቹ በሁለት በሦስት ምት ወጡ። እየቆጠርሁ ነበር፤ ከመሀል ያሉት አንድ አንድ ምት ሆኑ። ጫካው ሳሳ፣ ብርሃን ገባ፣ ቤቱ ቤት መሰለ። እጭንቅላቴ ላይ ያችን መጋጠሚያ አያታለሁ። አልተከፈተችም። አንድ ቋሚ ቀረ፤ እሱ ከእሷ ሥር ነበር። አናጢው መዶሻውን ሲያነሳ አያ ፈንቴ እጁን ያዙት።

«እሷ ታውጣው» አሉ።

መዶሻው ተሰጠኝ። አልመታሁበትም። ሸክም እንዳለበት ለማወቅ መጀመሪያ በመዳፌ ገፋሁት። ወደቀ። ምንም አልያዘም ነበር፤ ለስሙ ነበር የቆመው።

አያ ፈንቴ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ፣ እኔም አየሁ። ከታች ሰው «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» ይላል። አያ ፈንቴ ወደ መስኮቱ ክፍተት ሊሄዱ ተራመዱና ቆሙ፤ ወደ እኔ ዞረው «ሂጂ ንገሪያቸው» አሉኝ።

«እርስዎ ይንገሩ» አልሁ።

«እኔን አያምኑኝም። ሂጂ።»

መስኮቱ ገና ፍሬም አልነበረውም። እጄን ግንቡ ላይ አድርጌ ወደ ታች አየሁ፤ ቀና ያለ ፊት ብቻ ነው፣ አክስቴን አየኋት፣ አቶ ቢራራን አየኋቸው፣ ቀዩን ጃኬት አየሁ። «ቆሟል» አልሁ። አልተሰማም። ትንፋሼን ሳብሁና እንደገና «ቆሟል» አልሁ፤ ድምፄ ግቢውን አልፎ ከማዶ ካለው ግንብ ተመትቶ ሲመለስ ራሴ ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።